ባለ አንድ ዓይን ግልገል፣ ባለ ሁለት ፊት ድመት፦ ፊት ሲሠራ ምን ይጎድላል?

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ቪዲዮ ላከልኝ። አንዲት ግልገል መሬት ላይ ተኝታለች። ግንባሯ ሥር፣ ልክ መሃል ላይ፣ አንድ ትልቅ ዓይን አለ። አፍንጫ የላትም። ዙሪያዋን የከበቡት ሰዎች ስልካቸውን ደቅነውባታል። ከኋላ አንድ ድምፅ «ስምንተኛው ሺህ ገባ» ይላል። ከሥር የተጻፈው አስተያየት መዓት ነው። ግማሹ «ፎቶሾፕ ነው» ይላል፣ ግማሹ «እርግማን ነው» ይላል። የሚስቅም አለ።

ሁለት ጊዜ አየሁት። ለሦስተኛው አልቻልኩም። ግልገሏ ትተነፍስ ነበር።

ነገሩ ስም አለው። ሐኪሞች ሳይክሎፒያ ይሉታል። ሁለት መሆን የነበረበት ዓይን አንድ ሆኖ በፊት መሃል ላይ ሲፈጠር ማለት ነው። በበግ ብቻ የሚታይ ነገር አይደለም። በአሳማ፣ በጥጃ፣ በድመትና በዓሣ ላይ ተመዝግቧል። በ2011 ሜክሲኮ ውስጥ፣ በካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ የተያዘች አንዲት ሻርክ ሆዷ ሲከፈት ባለ አንድ ዓይን ጽንስ ተገኝቶባታል። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በሰው ላይም ይደርሳል። ሞተው የሚወለዱትን ጨምሮ ከ100 ሺህ ወሊድ አንድ ገደማ ይሆናል ተብሎ ይገመታል። በሕይወት የተወለደ ሕፃንም ዕድሜው ብዙ ጊዜ በሰዓት የሚቆጠር ነው።

የዚህ ግልባጭ የሚመስል ሌላም አለ። አንድ ራስ ላይ ሁለት ፊት። ዳይፕሮሶፐስ ይባላል። ሁለት አፍንጫ፣ ሁለት አፍ፣ ሦስት ወይም አራት ዓይን ሊኖር ይችላል። ይሄኛው የባሰ ብርቅ ነው። በሰው ላይ በሕክምና ጽሑፎች የተመዘገበው ጥቂት ደርዘን ብቻ ነው።

ሁለቱም ዓይነት ምስሎች በየጊዜው ስልካችን ላይ ይመጣሉ። ሁሌም የሚከተላቸው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ምን ቢሠሩ ነው?» ወላጆቹ ምን ቢበድሉ፣ አገሩ ምን ቢያጠፋ፣ እናቲቱ ምን ብታይ። እኔ ይህ ጥያቄ ሰው ይጎዳል ባይ ነኝ። ትክክለኛዎቹ ጥያቄዎች «በስንተኛው ቀን?» እና «ምን ያህል?» የሚሉት ናቸው። ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ሳይንስ ያገኘው መልስ ከየትኛውም የእርግማን ወሬ የበለጠ ይገርማል።

ጉድ የሚባለው ነገር

እንዲህ ያለውን ልደት እንደ ምልክት ማየት የኛ ዘመን ፈጠራ አይደለም። የጥንት ባቢሎናውያን የአካል ጉድለት ይዘው የሚወለዱ ሕፃናትንና እንስሳትን በሸክላ ሰሌዳ ላይ ይመዘግቡ ነበር። ከእያንዳንዱ ጎን ትርጉሙ ይጻፋል። እንዲህ ያለ ከተወለደ ንጉሡ እንዲህ ይሆናል፣ አገሩ እንዲህ ይገጥመዋል እያሉ። በላቲንም ለእንዲህ ዓይነቱ ፍጡር የተሰጠው ስም «ማስጠንቀቅ» ከሚለው ግስ ጋር ዘመድ ነው። እኛ ደግሞ «ጉድ» እንላለን። ቃሉ ሲወጣ መገረምም መፍራትም አብሮት ይወጣል። ሕፃን ላይ ሲወድቅ ግን ከባድ ቃል ነው።

ግሪኮች ባለ አንድ ዓይን ግዙፎች ነበሩ ብለው ያወሩ ነበር። የሳይክሎፒያ ስም የመጣውም ከዚያ አፈ ታሪክ ነው። ኦቴንዮ አቤል የተባለ ኦስትሪያዊ የቅሪተ አካል ተመራማሪ በ1914 አንድ መላ ምት አቅርቦ ነበር። በሜዲትራንያን ደሴቶች የሚገኘውን የድንክ ዝሆን ራስ ቅል ያዩ ሰዎች፣ የኩምቢውን ቀዳዳ የዓይን ጉድጓድ ነው ብለው ይሆናል አለ። የዝሆን ራስ ቅል ፎቶ ፈልጋችሁ እዩ። እውነትም መሃል ግንባሩ ላይ አንድ ትልቅ ቀዳዳ አለው።

በአውሮፓ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ጥፋቱ በእናት ላይ ነበር የሚደፋው። ነፍሰ ጡር ሆና አስፈሪ ነገር ስላየች ነው ይባል ነበር። ሐኪሞች ሳይቀሩ ያምኑበት ነበር። ይህን ማፍረስ የጀመሩት ፈረንሳዊው ኤትየን ጆፍሯ ሴንት ኢሌርና ልጁ ኢሲዶር ናቸው። አባትየው በ1820ዎቹ የዶሮ እንቁላል ውስጥ ያለውን ጽንስ ሆን ብሎ እያወከ ጉድለት ሲፈጠር አየ። እንቁላል ውስጥ ያለ ጫጩት እናቱ ባየችው ነገር ሊበላሽ አይችልም። የሆነ ነገር በእድገቱ ላይ ሲገባበት ግን ይበላሻል።

በ1907 ደግሞ ቻርልስ ስቶካርድ የተባለ አሜሪካዊ ማግኒዚየም ክሎራይድ በጨመረበት የባሕር ውኃ ውስጥ የዓሣ እንቁላሎችን አሳደገ። ከእንቁላሎቹ ባለ አንድ ዓይን ዓሦች ወጡ። ትንሽ ቆይቶ በአልኮልም ተመሳሳይ ነገር አገኘ። ጨው ያለበት ውኃና አንድ ብርጭቆ። ጉዱ በሰው እጅ ተሠራ።

ጣታችሁን ከንፈራችሁ ላይ አድርጉ

ከአፍንጫችሁ ሥር እስከ ላይኛው ከንፈር የምትወርደውን ትንሽ ቦይ በጣታችሁ ንኩ። ያቺ ቦይ ፊታችሁ ተገጣጥሞ የተሠራ ለመሆኑ የቀረች ማስረጃ ናት።

ፊት አንድ ወጥ ሆኖ አይበቅልም። ከአምስት ጉብታዎች ይገጣጠማል። አንዱ ከላይ ከግንባር በኩል ይወርዳል። ሁለቱ ከግራና ከቀኝ እንደ ጉንጭ ይመጣሉ። ሁለቱ ከሥር መንጋጋ ይሆናሉ። ከ4ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ድረስ እነዚህ ጉብታዎች እየተሳቡ መሃል ላይ ይገናኛሉ። ሳይገናኙ ሲቀሩ የከንፈር መሰንጠቅ ይመጣል። እሱ ብርቅ አይደለም፤ ከ700 ወሊድ አንድ አካባቢ ያጋጥማል። በቀዶ ሕክምናም ይስተካከላል።

የሳይክሎፒያ ታሪክ የሚጀምረው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። ጉብታዎቹ ገና ሳይንቀሳቀሱ።

መጀመሪያ ላይ ጽንሱ ሁለት ዓይን የሚሆን ቦታ የለውም። አንድ ነው ያለው። አንጎል በሚሆነው ስስ ንጣፍ የፊት ጫፍ ላይ፣ መሃሉን ይዞ የተዘረጋ አንድ የዓይን መስክ። ከዚያ ከሥሩ፣ ከመሃል መስመር፣ አንድ ፕሮቲን እየተረጨ ይወጣል። የሚያስተላልፈው ትእዛዝ ወደ ቋንቋ ቢመለስ እንዲህ ይሆናል፦ «መሃል ያላችሁት ዓይን አትሁኑ። ሌሎቻችሁ ግራና ቀኝ ተለያዩ።» መሃሉ ይታዘዛል። መስኩ ለሁለት ይከፈላል። ሁለት ዓይን ይሆናል።

ትእዛዙ ሳይደርስ ከቀረ መስኩ አንድ እንደሆነ ይቀራል። አንድ ዓይን ይሆናል። አፍንጫም መውረጃ መንገድ ያጣል። በሁለት ዓይኖች መካከል ነበር ቁልቁል መምጣት የነበረበት። መንገዱን አንድ ዓይን ዘግቶበታል። ስለዚህ ወይ ጭራሽ አይኖርም፣ ወይ ከዓይኑ በላይ እንደ ትንሽ ቱቦ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

እዚህ ላይ አንድ ጠቃሚ ነገር ልንገራችሁ። በስልካችሁ ከሚመጡት ምስሎች ሐሰተኛውን ለመለየት ይረዳል። ባለ አንድ ዓይን ሆኖ ከዓይኑ በታች ደህና፣ የተስተካከለ አፍንጫ ያለው ሕፃን ወይም እንስሳ ካያችሁ የሰው እጅ ወይም የኮምፒዩተር ሥራ ነው። እውነተኛው እንደዚያ ሆኖ አይወለድም። በተቃራኒው ደግሞ እውነቱ ሐሰት የሚባልበት ጊዜ አለ። በ2005 መጨረሻ አሜሪካ ኦሪገን ውስጥ ባለ አንድ ዓይን የድመት ግልገል ተወልዶ ነበር። ፎቶው ሲሠራጭ ብዙ ሰው የፈጠራ ነው ብሎ ደመደመ። እውነት ነበር። የኖረው አንድ ቀን ብቻ ነው።

ዓይኑ ግን የሚታየው ክፍል ብቻ ነው። ዋናው ችግር ከኋላው ነው። የፊተኛውን አንጎል ግራና ቀኝ አድርጎ የሚከፍለውም ያው መልእክት ነው። አንጎል ሳይከፈል ሲቀር ሆሎፕሮዘንሴፋሊ ይባላል። ሳይክሎፒያ የዚህ ችግር የመጨረሻው፣ የከፋው ጫፍ ነው። ለዚህ ነው ቀዶ ሕክምና የማያድነው። በ1964 አሜሪካውያን ሐኪሞች «ፊት አንጎልን ይናገራል» የሚል ሐሳብ ያለው ጽሑፍ አወጡ። የፊቱ ጉድለት በከበደ መጠን የአንጎሉም እንደሚከብድ ለማሳየት ነበር። ሁሌም አይሠራም፤ ብዙ ጊዜ ግን ይሠራል።

አሁን ወደ ቁጥር እንምጣ። ሆሎፕሮዘንሴፋሊ ከ250 ጽንስ በአንዱ ላይ እንደሚደርስ ይገመታል። በሕይወት ከሚወለዱት ግን ከ10 ሺህ አንድ ገደማ ብቻ ነው። በመካከል ያሉት የት ሄዱ? አብዛኞቹ ገና በጠዋቱ ይጨናገፋሉ። ብርቅ ነው የምንለው የምናየው ጥቂት ስለሆነ እንጂ ስህተቱ ራሱ ያን ያህል ብርቅ አይደለም። ብዙ እናቶች ምክንያቱን ሳያውቁ ካለቀሱለት ውርጃ ጀርባ ይኸው ሊኖር ይችላል።

የአይዳሆ በጎች

የዚህ ሁሉ ቁልፍ የተገኘው ግጦሽ መሬት ላይ ነው። ቤተ ሙከራው የደረሰው ኋላ ነው።

በ1950ዎቹ አሜሪካ አይዳሆ ውስጥ ተራራ ላይ በጎቻቸውን የሚያሰማሩ አርቢዎች ግራ ገባቸው። በየዓመቱ ፊታቸው የተበላሸ ግልገሎች ይወለዳሉ። የአንዳንዱ የላይኛው መንጋጋ አጥሮ አፍንጫው ተጣሞ ወደ ላይ ተቀልብሷል። አንዳንዱ አንድ ዓይን ብቻ አለው። አርቢዎቹ «የዝንጀሮ ፊት» እያሉ ይጠሯቸው ነበር። መጀመሪያ የተጠረጠረው ዘራቸው ነው። ተመራማሪዎች በጎቹን እያዳቀሉ ሞከሩ። በዘር የሚተላለፍ ነገር አላገኙም።

የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ተመራማሪዎች ወደ ተራራው ወጡ። ሊን ጄምስ የተባለው ተመራማሪ በጋውን ከመንጋው ጋር ማሳለፍ ጀመረ። በጎቹ የሚበሉትን ያያል፣ ይመዘግባል። በመጨረሻ አንድ ተክል ላይ ደረሱ። ከፍ ባለ ቦታ፣ ርጥበት ባለው መስክ ላይ የሚበቅል፣ ሰፋፊ ቅጠል ያለው ቬራትረም ካሊፎርኒኩም። አስገራሚው ነገር እናቲቱ በግ ብዙም ሳትታመም ትበላዋለች። የሚጎዳው ሆዷ ውስጥ ያለው ነው።

አሁን ቀኑን ተመልከቱ። በጓ ተክሉን ባረገዘች በ14ኛው ቀን አካባቢ ከበላች ግልገሏ ባለ አንድ ዓይን ሊሆን ይችላል። ባረገዘች በአራት ሳምንት ገደማ ላይ ከበላች ደግሞ ፊቱ ደህና ነው፤ የእግሩ አጥንት ግን ያጥራል። ተክሉ ያው ነው። እናቲቱም ያችው ናት። የተለየው ቀኑ ነው። መፍትሔው ያለ አንዳች መድኃኒት ተገኘ። በጎቹ በእነዚያ ቀናት ወደዚያ ግጦሽ እንዳይሄዱ ማድረግ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

ከዚያው ተራራ ሌላም ነገር ተገኘ። በግ በአማካይ አምስት ወር ገደማ ታረግዛለች። ባለ አንድ ዓይን ግልገል የያዙ አንዳንድ በጎች ግን ቀናቸው አልፎ፣ ሳምንታት አልፈው አይወልዱም። ግልገሉ ሆዳቸው ውስጥ ማደጉን ይቀጥላል። ምጥ አይመጣም። ለምን? የእነዚህ ግልገሎች አንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ የተባለችው ዕጢ አትኖርም፣ ወይም በቦታዋ አይደለችም። በበግ ምጥን የሚጠራው ከራሱ ከግልገሉ አንጎል የሚነሳው ምልክት ነው። የተበላሸው ግልገል ጤነኛው እንዴት እንደሚወለድ አስተማረ።

በ1960ዎቹ ሪቻርድ ኪለር ከተክሉ ውስጥ መርዙን ለይቶ አወጣ። ሳይክሎፓሚን ተባለ። ከዚያ ነገሩ ለ30 ዓመት ያህል ተረሳ ማለት ይቻላል። መርዙ አለ፤ ግን ሰውነት ውስጥ ምን እንደሚነካ ማንም አላወቀም።

መልሱ የመጣው ከፍራፍሬ ዝንብ ነው። በ1980 ክሪስቲያነ ኑስላይን ፎልሃርትና ኤሪክ ቪሻውስ ዝንብን የሚያሳድጉትን ጂኖች አንድ በአንድ ሲፈትሹ፣ አንደኛው ሲበላሽ የዝንቡ እጭ ሆዱ በኩል እሾህ በሚመስል ነገር ተሸፍኖ አገኙት። ጂኑን ጃርት አሉት። በዚህ ሥራቸው ከኤድዋርድ ሉዊስ ጋር በ1995 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። በ1993 ደግሞ የዚህ ጂን ዘመዶች አከርካሪ ባላቸው እንስሳት ላይ ተገኙ። አንደኛው ከቪዲዮ ጌም ገጸ ባሕሪ ስም ተውሶ «ሶኒክ ሄጅሆግ» ተባለ፤ ሄጅሆግ በእንግሊዝኛ ጃርት ማለት ነው። ስሙን ያወጡት ወጣት ተመራማሪዎች ነገ አንድ ሐኪም ልጃቸውን ላጡ ወላጆች ይህን ስም እንደሚጠራ አላሰቡም። ብዙ ሐኪሞች በዚህ ቅር ይላቸዋል። እኔም ልክ ናቸው እላለሁ።

በ1996 ይህ ጂን እንዳይሠራ የተደረገባቸው አይጦች ባለ አንድ ዓይን ሆነው አደጉ። በዚያው ዓመት በ7ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለው የሰው ሶኒክ ሄጅሆግ ጂን ሲበላሽ ሆሎፕሮዘንሴፋሊ እንደሚያመጣ ተረጋገጠ። በ1998 ደግሞ ሳይክሎፓሚን የሚዘጋው ይህንኑ መልእክት መሆኑ ታወቀ። የአይዳሆ እረኛ፣ የዝንብ ተመራማሪና የሕፃናት ሐኪም አንድ ቦታ ተገናኙ። ያ ከመሃል መስመር የሚረጨው፣ «ግራና ቀኝ ተለያዩ» የሚለው ፕሮቲን ይኸው ነው።

ታሪኩ እዚያም አላበቃም። ይህ መልእክት በአዋቂ ሰው ላይ ያለቦታው ሲበራ ባዛል ሴል የተባለውን የቆዳ ካንሰር ያመጣል። ስለዚህ ሳይክሎፓሚን እንደሚያደርገው መልእክቱን የሚዘጋ መድኃኒት ተፈለገ። በ2012 ቪስሞዴጊብ የተባለው መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አገኘ። ነፍሰ ጡር ሴት ፈጽሞ መውሰድ የለባትም። ምክንያቱን ግልገሎቹ ቀድመው ነግረውናል።

ሁለት ፊት ከየት ይመጣል?

መልእክቱ ሲጎድል ፊት ይጠብባል። ሲበዛስ? በ1990ዎቹ መጨረሻ ተመራማሪዎች በጫጩት ጽንስ ፊት ላይ ተጨማሪ ሶኒክ ሄጅሆግ አድርገው ሞከሩት። ፊቱ ወደ ጎን ሰፋ። ዳይፕሮሶፐስን አንዳንዶች በዚህ በኩል ያዩታል። ሌላው ማብራሪያ ደግሞ መሃል መስመሩ ራሱ ገና ሲሠራ ጫፉ ላይ ለሁለት ተሰንጥቋል የሚለው ነው። ሁለት መስመር ካለ ሁለት መልእክት ላኪ አለ። ሁለት ፊት ይሠራል።

አብዛኞቹ ወዲያው ይሞታሉ። አንዲት ድመት ግን ኖራለች። በ1999 አሜሪካ ውስጥ የተወለደች፣ ሁለት አፍ፣ ሁለት አፍንጫና ሦስት ዓይን ያላት ድመት። ፍራንክ እና ሉዊ ብለው ሰየሟት፤ ለአንዲት ድመት ሁለት ስም። የእንስሳት ሕክምና ቤት የመጣችው በመርፌ እንድትገደል ነበር። እዚያ የምትሠራ አንዲት ሴት ወደ ቤቷ ወሰደቻት። የመሃሏ ዓይን አታይም። ከሁለቱ አፎች የምትበላው በአንዱ ብቻ ነው። የጊነስ መዝገብ ረጅም ዕድሜ የኖረች ባለ ሁለት ፊት ድመት ብሎ መዘገባት። በ2014 ስትሞት 15 ዓመቷ ነበር። ይህ ለማንኛውም ድመት ጥሩ ዕድሜ ነው።

«ምን ቢሠሩ ነው?»

ወደዚያ ጥያቄ እንመለስ። የሰው ዓይን መስክ የሚከፈለው ከተፀነሰ በ3ኛውና በ4ኛው ሳምንት ነው። በእናቲቱ በኩል ቁጠሩት። የወር አበባዋ ከቀረ ገና አንድ ወይም ሁለት ሳምንት። ብዙ ሴት እርጉዝ መሆኗን እንኳ አታውቅም። ሁሉም ነገር ተወስኗል፤ እሷ ግን ገና «ትንሽ ዘግይቶብኝ ነው» እያለች ነው። ከዚያ በኋላ ያየችው፣ የፈራችው፣ የተጣላችው፣ የተመኘችው ነገር ዓይንን አንድ አያደርግም። ጉዳዩ ካለቀ ቆይቷል።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ክሮሞዞም ላይ ነው። 13ኛው ክሮሞዞም በሁለት ፋንታ ሦስት ሲሆን ዋነኛው ነው። ይህ ዘሩ ወይም እንቁላሉ ሲዘጋጅ የሚፈጠር የአቆጣጠር ስህተት ነው። ማንም አያዝበትም።

አንዳንዴ በቤተሰብ የሚወርድ ጂን አለ። ይሄኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ያንኑ የተበላሸ ጂን የተሸከመ አባት ወይም እናት ፍጹም ጤነኛ ሊሆኑ ይችላሉ። አንዳንዴ የሚታየው አንድ ትንሽ ነገር ብቻ ነው፦ ከላይ፣ ፊት ለፊት፣ በሁለት ጥርስ ፋንታ መሃል ላይ የተቀመጠ አንድ ጥርስ። ያ ሰው ዕድሜ ልኩን «ጥርሴ ነው እንዲህ የሆነው» ብሎ ይኖራል። ለእያንዳንዱ ልጅ ጂኑን የማስተላለፍ ዕድሉ ግን ግማሽ በግማሽ ነው። የወረሰው ልጅም ጤነኛ ሊሆን ይችላል፣ እንደ ወላጁ አንድ ጥርስ ብቻ ሊኖረው ይችላል፣ ወይም በጽኑ ሊታመም ይችላል። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር የሚባለው እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል። በቤተሰቡ እንዲህ ያለ ልደት አጋጥሞ ከሆነ የዘር ሕክምና ባለሙያ ማማከር ትልቅ ጥቅም አለው። ጥርስ ማየትም የምርመራው አካል ነው።

ሊጠነቀቁት የሚቻልም አለ። ከእርግዝና በፊት የጀመረ፣ ቁጥጥር ያጣ የስኳር በሽታ አደጋውን ከፍ ያደርጋል። አልኮል በእንስሳት ሙከራ በእነዚያ ቀናት ተመሳሳይ ጉዳት አድርሷል። አይሶትሬቲኖይን የተባለው የብጉር መድኃኒት የጽንስን ፊትና አንጎል ይጎዳል። ሦስቱም ላይ የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ከመፀነስ በፊት ነው፤ ምርመራው «እርጉዝ ነሽ» ሲል ቀኑ አልፏል ወይም እያለፈ ነው። ይህን የምለው ለሚመጣው እንጂ ያለፈባትን እናት ለመውቀስ አይደለም። በጣም የከፋው ዓይነት በአልትራሳውንድ ከ11ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ይታያል።

ስለ ምስሎቹ አንድ ነገር ልበል። የሕክምና ትምህርት ምስል ያስፈልገዋል። ያለ ምስል ሐኪም አይማርም። ግን በፈቃድ፣ ያለ ስም፣ ለሚማር ሰው ነው። ከወሊድ ክፍል በስልክ ተነሥቶ የወጣ ፎቶ ሌላ ነገር ነው። እናቲቱ ገና አልጋ ላይ ናት። ልጇን ለማቀፍ ያላት ጊዜ ጥቂት ሰዓት ነው። በደንብ የሠለጠኑ ነርሶች በዚያች ሰዓት ሕፃኑን በጨርቅ ጠቅልለው ያስታቅፏታል። ስሙን ይጠይቋታል። የሰው ልጅ ስለሆነ ስም አለው። እሷ ስም እያወጣችለት ሌላ ሰው ኮሪደር ላይ ሆኖ «ጉድ» ብሎ ሲለጥፈው አስቡት። ከዚያ ፎቶው ዓመት ቆጥሮ በሌላ አገር ስም፣ በሌላ ታሪክ ተመልሶ ይመጣል። እሷም ታየዋለች።

እንስሳውን ላገኘ አርቢ ደግሞ ፎቶው ጥቅም የሚኖረው ለእንስሳት ሐኪም ሲላክ ነው። እናቲቱ መቼ እንዳረገዘች፣ በዚያን ሰሞን የት እንደጋጠች መጻፍ ተገቢ ነው። አንድ ግልገል ብቻ ከሆነ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ሁለት ሦስት ከሆነ መስኩ ላይ የሆነ ነገር አለ።

ለወዳጄ መልሼ ጻፍኩለት።

«ይህች ግልገል የት ነው የተወለደችው? እናቷ ምን እንደበላች የሚያውቅ አለ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ከሰው ነው ያገኘሁት» አለኝ። ቀጥሎ፦ «እውነት ናት እንዴ?»

«እውነት ናት» አልኩት። ስለ አይዳሆ፣ ስለ 14ኛው ቀን፣ ስለ ዓይን መስኩ ረጅም ድምፅ ቀድቼ ላክሁለት።

ሰምቶት ትንሽ ቆየ። ከዚያ «ለስንት ሰው ነው የላክሁት መሰለህ» አለኝ። «ይህን ድምፅህንም ልላክላቸው?»